ጾም ነዎት?

አክስቴ አልጋነሽ ተቀምጣ ነው የምትተኛው። ስሟ አልጋነሽ ሆኖ አልጋ ላይ መጋደም አለመቻሏ መጀመሪያ ሰሞን አሥቆኝ ነበር፤ ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ማደር ስጀምር ግን ሣቄ አለቀ። እንቅርቷ ነው። ድሮ ሎሚ ያክል ነበር ይላሉ፤ እኔ የማውቀው ግን ቅል አክሎ ነው። ነጠላ ብታጣፋበትም ከነጠላው ሥር ሰው ተደብቆ የሚያዳምጥ ይመስላል። በጀርባዋ ከተጋደመች ጉሮሮዋ ላይ ይጫንና ትንፋሽ ይነሳታል። ስለዚህ ከሺሺንዳ ከመጣች ጀምሮ ሳሎናችን ውስጥ ከቡፌው ጎን፣ ሁለት ትራስና አንድ የታጠፈ ብርድ ልብስ ጀርባዋ ላይ ደግፋ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ልሄድ ሲል ዝናብ እንደያዘው እንግዳ ቁጭ ብላ ታድራለች። ትንፋሿ ክዳኑ እንዳልገጠመ ማንቆርቆሪያ ያፏጫል። እንቅልፍ ሲወስዳት ፉጨቱ ቀጥ ይላል፤ ያኔ እኔ እነቃለሁ። ቆይታ «ሆህ!» ብላ አየሩን ትጎትታለች፣ ፉጨቱ ይቀጥላል፣ እኔም ተመልሼ እተኛለሁ።

አክስቴ የአባቴ እህት ናት። አባቴ ደካ ላይ መንገድ ሥራ ነው ያለው፤ በስልክ «እህቴን ሆስፒታል አስገቡልኝ» ብሎ ትእዛዙን ሰጠና ከአገልግሎት መስጫ ክልል ውጪ ሆነ። ቤት የቀረነው ሁለት የማይነጋገሩ ሴቶችና እኔ ነን። እማዬ ጴንጤ ከሆነች ጀምሮ አክስቴና እሷ አይነጋገሩም። አልተጣሉም እኮ። ተጣልተው ቢሆን ይሻል ነበር፤ የተጣላ ሰው ቢያንስ ይሰዳደባል። የእነሱ ዝምታ ብቻ ነው፤ አንዷ ስትገባ ሌላዋ የምትጠርገው ቦታ አይጠፋትም። እኔን «ኤሊ፣ አንቺስ የማን ነሽ?» ሲሉኝ እሑድ እሑድ የእማዬ ነኝ እላለሁ፤ ፋሲካ ሲደርስ የአክስቴ። የበግ ጉዳይ ነው።

ያን ቀን ጠዋት እማዬ እንቁላል አልጠበሰችም። ሁዳዴ ቢሆንም በእኛ ቤት እንቁላል ይጠበሳል፤ ሽታው ሳሎን ድረስ ይሄዳል፤ አክስቴም ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፤ የየጠዋቱ ሥርዓት ይኸው ነበር። «ራበኝ» ስላት እማዬ በዓይኗ ወደ ሳሎን አሳየችኝና ደረቅ ዳቦ በእጄ አስያዘችኝ። አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ለእማዬ «ደህና ዋይ» አላለቻትም፤ እማዬም «እግዜር ያውጣሽ» አላለቻትም። ብቻ እማዬ መጥረጊያውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ፣ ጉሙ እስኪውጠን ድረስ የተጠረገውን ደጅ ደግማ ስትጠርግ አየኋት።

የቦንጋ ሆስፒታል ዳገት ላይ ነው። በሽተኛ ዳገት ወጥቶ ይታከም ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ሲደርስ በሕይወት ያለውን ብቻ ለማከም አስበው ይሆናል። አክስቴ በየመብራት እንጨቱ ሥር ትቆማለች፤ ደክሟት እንዳይመስል የሰው አጥር ታያለች፣ የሰው ጎመን ታደንቃለች። በሩ ላይ «ክቡራን ደንበኞቻችን፣ እናንተን ማገልገል ኩራታችን ነው» የሚል አዲስ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ለአክስቴ ሳነብላት «ደንበኛ? እንደ ሥጋ ቤት?» አለችኝ። ከዚያ «ልክ ናቸው፣ ሊቆርጡኝ አይደል» ብላ ገባች።

የቀዶ ጥገናዋ ነርስ ሲስተር ሩሀማ ትባላለች። ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች፣ ቀጠን ያለች፣ ቦንጋ ሲዘንብ በእሷ ላይ ብቻ የሚዘንብ የሚመስላት ልጅ ናት። እግሯ አብጦ ነጠላ ጫማዋ አልበቃት ብሏል። አክስቴን እንዳየቻት እጇን ይዛ አስቀመጠቻትና «እትዬ፣ ጾም ነዎት አይደል?» አለቻት።

አክስቴ እንደተሰደበች ሁሉ ቀና አለች። «ነኝ እንጂ! ምን ነካሽ ልጄ?»

«ጎበዝ። ሁሉም እንደ እርስዎ ቢሆን።»

አክስቴ ደስ አላት። ለጾሟ ከመንግሥት ሠራተኛ ምስጋና ተቀብላ አታውቅም። ሲስተርም ደስ አላት፤ ወረቀቷ ላይ ምልክት አደረገች። አረንጓዴውን የሆስፒታል ጋወን ስታለብሳት የአክስቴ ማተብ እንቅርቱ ላይ ተጋድሞ አገኘችው። ቢላው የሚያርፈው እዚያ ነው። ሌላ ነርስ ብትሆን በመቀስ ቀንጥባ ትጥለው ነበር፤ ሲስተር ግን ቋጠሮውን በጥፍሯ ፈታ ፈታ አድርጋ፣ ሰው ያየባት ይመስል ቶሎ ብላ አክስቴ ግራ እጅ ላይ አሰረችላት። የራሷም ማተብ ከሸሚዟ ሥር ይታያል። ቀኝ እጇ ላይ ጉሉኮስ ሰካችላትና «አሁን ሐኪሙ ይጠራዎታል» ብላ ሄደች።

የጠራን ግን የለም። ዶክተር ሀምዛ፣ ከጅማ ለአንድ ሳምንት መጥቶ የነበረው ሐኪም፣ በላስቲክ ጫማው ኮሪደሩን ሲለካ ዋለ። ነገ ጠዋት መኪናው ወደ ጅማ ይመለሳል፤ መቼ ተመልሶ እንደሚመጣ እሱም አያውቅም፣ የሚያውቅም የለም። የመጨረሻዋ በሽተኛ አክስቴ ናት። ክፍሉ ታጥቧል፣ ዕቃው ተቀቅሏል፣ ጨርቁ ተነጥፏል። የጠፋው የሚያደነዝዘው ሰው ነው። በሆስፒታሉ ውስጥ በሽተኛ የሚያደነዝዙ አንድ ጋሽ ኃይለሚካኤል ብቻ ናቸው፤ የከተማው ልጆች «አደንዛዡ» እንላቸዋለን። ትምህርት ቤት ሳለሁ ከአደንዛዥ ዕፅ ተጠንቀቁ ሲሉን እኔ በሐሳቤ የሚመጡብኝ እሳቸው ነበሩ፣ በብስክሌት። ጋሽ ኃይለሚካኤል ግምገማ ላይ ናቸው። ሠራተኛው በሙሉ በተራ በተራ ሲገመገም የእሳቸው ተራ ከአክስቴ ተራ ጋር ገጠመ። ሰው ተላከባቸው፤ የተላከው ሰው ተመልሶ «ሂስ ላይ ናቸው፣ ከሂስ አይወጣም» አለ።

ስለዚህ ተቀመጥን። ክፍሉ ውስጥ ሁለት አልጋ ነው ያለው፤ አንዱ ላይ አክስቴ ቁጭ፣ ሌላው ላይ ፍራሹ ብቻ፣ መሐሉ ላይ የሰው ጀርባ የሚያክል እድፍ። መስኮቱ አንዱ መስታወቱ ተሰብሮ በኤክስሬይ ፊልም ተሸፍኗል፤ የማላውቀው ሰው የጎድን አጥንት እያየሁ ዋልኩ። አክስቴ ውሃ አልጠየቀችም። ምራቋን እንኳ ስትውጥ እንቅርቱ ወጣ ወረድ ይላል። ደጋግማ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ኤሊ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» ትላለች። እነግራታለሁ። «ገና ነዋ» ትላለች። ቀዶ ጥገናው አሳስቧት መስሎኝ «አይዞሽ፣ ይመጣሉ» እላታለሁ። እሷም «ይምጡ» ትላለች፤ ስለ ሌላ ነገር እያሰበች እንደሆነ ያስታውቅ ነበር፣ ግን ምን ብዬ ልጠርጥር።

ሲሰለቸኝ ወጥቼ ሲስተር ሩሀማ አጠገብ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። እግሯን አግዳሚው ላይ ዘርግታለች።

«ሲስተር፣ እርስዎ ለምን አያደነዝዟትም?»

«እርስዎ አትበይኝ፣ አስረጀሽኝ። እኔ ዕቃ አቀብላለሁ እንጂ አላደነዝዝም።»

«ገበያ ጥርስ የሚነቅለው ሰውዬ እኮ ራሱ ወግቶ ራሱ ይነቅላል።»

ሣቀች። ከሣቀች በኋላ የተናደደች መስላ የማደንዘዣውን ዓይነት ትነግረኝ ጀመር፤ የደከመው ሰው ጥያቄ ከመመለስ ይልቅ ማስተማር ይቀለዋል መሰለኝ። የጥርሱ የቦታው ብቻ ነው አለች፤ ሊዶኬይን ይባላል፣ የተወጋው ቦታ ይደነዝዛል፣ ሌላው ሰውነትሽ ሁሉን ይሰማል። ሁለተኛው በጀርባ አጥንት መሐል የሚወጋው ነው፤ ከወገብ በታች ያለው ይሞታል፣ ከወገብ በላይ ያለው ያወራል፤ በቀዶ ጥገና የሚወልዱ እናቶች ልጃቸው ሲያለቅስ የሚሰሙት በእሱ ነው። «ከወገብ በታች የሞተ ሰው አውቃለሁ» አልኳት፤ «የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ነው፤ ከወንበሩ አይነሳም፣ ሲያወራ ግን ይውላል።» ዝም በይ ብላ በጉልበቷ ገፋችኝ፣ ዙሪያዋንም አየች። ሦስተኛው ሙሉው ነው። መጀመሪያ በደም ሥር የሚያስተኛው ይገባል፤ ሰውየው መቁጠር ጀምሮ ሳይጨርስ ይሄዳል፤ ከዚያ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ይገባና ሃሎቴን የሚሉትን ጋዝ እየሳበ ይተኛል። ማሽኑ ሲበላሽ ደግሞ ኬታሚን አለ፤ እሱ ዓይን እንደተከፈተ ነው የሚወስደው፤ ሲነቁ ከማያውቁት ሰው ጋር የሚሟገቱ አሉ። «ለአክስትሽ የሚሆነው ሙሉው ከነቱቦው ነው» አለች። «አንገት ከወገብ በታች አይደለም። እንቅርቱም አየሩን እንዳይዘጋባት ቱቦው የግድ ነው።»

«ጾሙስ ለምንድን ነው? እግዚአብሔር እንዲረዳችሁ?»

«ሰው ሲተኛ ጉሮሮውም አብሮ ይተኛል። ሆዱ ውስጥ ያለው ምግብ ወደ ላይ ቢመለስ የሚያግደው ዘበኛ የለም፣ ቀጥ ብሎ ሳንባ ውስጥ ነው የሚገባው። በማደንዘዣው ሳይሆን በቁርሱ የሞተ ሰው አይቻለሁ።» ይህን ስትል አልሣቀችም። ተነስታ ጫማዋን ፈለገች፤ ከዚያ አትሮፒን የሚባል መርፌ ስለጎደለ ከውጭ ፋርማሲ ገዝቼ እንድመጣ ላከችኝ። ምራቅ የሚያደርቅ ነው አለችኝ። የአክስቴ ምራቅ እኮ ጠዋት ነው ያለቀው፣ አልኳት።

ዝናብ ጀመረ። የመጀመሪያው ፋርማሲ የለውም፤ ሁለተኛው ዝግ ነው፤ ሦስተኛው የማሙሽ ነው። ማሙሽ ጸጉሩን በቅባት አስተኝቶ፣ ከኋላው በተደረደሩት ሽሮፖች መሐል እንደ ሥዕል ይቀመጣል። «ለማን ነው?» አለኝ። ለአክስቴ አልኩት። «አንቺ ነሽ የታመምሽው ብዬ ደንግጬ» አለኝ። «ብታመም እዚህ አልመጣም፣ ዋጋህን ሳይ ይብስብኛል» አልኩት። ከመሳቢያው ሥር ፈልጎ አገኘ፤ የመርፌው ጠርሙስ ትንሽ ጣት አታክልም፤ ለእሷ የከፈልኩት ግን አንድ ዶሮ ከነእንቁላሏ ይገዛል። ዝናቡ ጋብ እስኪል በረንዳው ላይ ቆምኩ። አልጋብ ሲለኝ ነጠላዬን ተከናንቤ ዳገቱን ወጣሁት።

ክፍሉ በር ላይ ስደርስ የእማዬ ጥላ ተዘቅዝቆ ውሃ ያንጠባጥባል። መጀመሪያ አክስቴ የሞተች መሰለኝ፤ እማዬን ወደዚህ ሊያመጣት የሚችል ሌላ ነገር አልታየኝም። ገፋ አድርጌ ገባሁ። ሁለቱ አንድ አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። እማዬ ጭን ላይ ሳህን አለ፤ ሳህኑ ውስጥ ገንፎ፤ መሐሉ ላይ ተልባ የነበረበት ጉድጓድ ተጠርጎ አልቋል። የአክስቴ ቀኝ እጅ ጉሉኮስ ስላለበት እማዬ በማንኪያ እያጎረሰቻት ነው። አክስቴ አፏን እንደ ሕፃን ከፍታ ትቀበላለች፤ እንቅርቱ ሲያስቸግራት እማዬ ማንኪያውን ይዛ ትጠብቃለች፤ ስትውጥ ደግማ ታቀርባለች። የሚነጋገሩት ነገር የለም። እንደዚያ ያለ ዝምታ ግን በቤታችን አይቼ አላውቅም።

«ዘጠኝ ሰዓትን ጠብቄ ነው የመጣሁት» አለች እማዬ፣ ስትሰርቅ እንደያዝኳት ሁሉ። «ቅቤ አላስነካሁትም። ድስቱንም ማንኪያውንም በአመድ ነው ያሸሁት። ዘይት እንኳ የለበትም።»

«ጥሩ ገንፎ ነው» አለች አክስቴ። ለእማዬ አይደለም፣ ለእኔም አይደለም፣ ለገንፎው ነው የነገረችው። እማዬ ግን አንገቷን ደፋች፤ ጆሮዋ ቀላ። ከዚያ ከላስቲክ ጠርሙስ ውሃ አፍስሳላት አክስቴ አፏን ተጉመጠመጠች፣ ጠጣችም።

እጄ ላይ ያለችው ጠርሙስ ላቧ ይሁን ላቤ እርጥብ ሆናለች። ጠዋት ሙሉ ስንት ሰዓት ሆነ ስትለኝ የነበረው ገባኝ። «እማዬ» አልኩ። አብልተሽ ገደልሻት ይባላል? አክስቴ ሳህኑን በዓይኗ እያሳየችኝ «ጠርዙን ጥረጊው፣ ረሃብሽ ፊትሽ ላይ ነው» አለችኝ። ይህን ያለችኝ በለሰለሰ ድምፅ ነው። ያኔ ነው ኮሪደሩ ላይ የጋሽ ኃይለሚካኤል ሳል የተሰማው።

ካፖርታቸው ሳይደርቅ ነው የመጡት። ሲስተር ሩሀማ አልጋውን በጎማው እየገፋች ከኋላቸው ትከተላለች። «ምን አሉዎት ጋሼ?» አለቻቸው።

«ቀኑን ሙሉ ሰው ያስተኛል አሉኝ።»

«እንዴ!»

«እኔ ነኝ ያልኩት። ግለ ሂስ አውርድ ሲሉኝ ምን ላውርድ? ሃያ ዓመት ሕዝብ አስተኝቻለሁ አልኩ። አልሣቁም። ለነገም ቀጠሩኝ።» ድምፃቸው ሥራ የሚጀምር ሰው አይመስልም፤ ጨርሶ ቤቱ የሚሄድ ሰው ይመስላል። አክስቴ ፊት ግን ሲቆሙ ካፖርታቸውን አወለቁ፣ እጃቸውን በካፖርቱ ደረቅ በኩል ጠረጉና አንገቷን ከግራም ከቀኝም በቀስታ ዳሰሱት። «እናቴ፣ አፍዎን ይክፈቱልኝ። የሚነቀነቅ ጥርስ አለ? ጎበዝ። አስም? የለም። ጾም ነዎት?»

«ነኝ» አለች አክስቴ።

«ጾም ናት» አለች እማዬ፣ ሳህኑን በጨርቅ እያሠረች። «እኔ እመሰክራለሁ።»

ስንት ዓመት አኩርፋት የኖረች ሴት ዛሬ ስለ ጾሟ ትመሰክርላታለች። ውሸትም አልነበረም። ሁለቱም በሚያውቁት ቋንቋ እውነት ነው፤ ቀኑ ጾም ነው፣ ቅቤ አልተነካም፣ ዘጠኝም ሞልቷል። ሲስተር አትሮፒኑን ከእጄ ወሰደች። አክስቴን ወደ ባለጎማው አልጋ አሻገሯት፤ ትንፋሽ እንዳያጥራት ራስጌውን ከፍ አደረጉላት። አክስቴ በግራ እጇ፣ ማተብ በታሰረበት፣ የእማዬን እጅ ያዘች። እማዬም ከአልጋው ጋር አብራ መሄድ ጀመረች። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ቀይ መስመር ተቀብቷል፤ ከዚያ በኋላ በጫማ አይገባም። እኔ ከኋላ ነኝ። ብናገር ዶክተሩ ነገ ይሄዳል፣ አክስቴም ተመልሳ ቡፌው ጎን ትቀመጣለች፤ አንድ ሌሊት ፉጨቱ ቀጥ ብሎ ሳይመለስ ይቀራል። ዝም ብል ደግሞ እማዬ ድስት በአመድ አሽታ የሠራችው ገንፎ ሳንባዋ ውስጥ ይገባል። አልጋው ቀዩን መስመር ሲነካ ጋሽ ኃይለሚካኤል በሩን በጀርባቸው ገፉት።

«በልታለች!» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። «ምን አልሽ?» አለች ሲስተር።

«ገንፎ በልታለች። አሁን። ውሃም ጠጥታለች።»

ጋሽ ኃይለሚካኤል የያዙትን በር ለቀቁት፤ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ቆየ። ሲስተር ሩሀማ አክስቴ ላይ ጎንበስ አለች። «እትዬ! ጾም ነዎት ስልዎት ነኝ አላሉኝም?»

«ነኝ እኮ!» አክስቴ ከአልጋው ቀና አለች፣ ትንፋሿ ያፏጫል። «ምን ገደፍኩ? በተልባ ነው! ዘጠኝም ሞልቷል፣ ልጂቱን ጠይቂያት!»

ሲስተር አፏን በእጇ ያዘች። እሷም እስከ ዘጠኝ ጾማ ነው የዋለችው፤ ከእኔ ጋር ኮሪደሩ ላይ ስናወራ ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን ዳቦ በዓይኗ ስትለካው አይቻታለሁ። የምትቆጣበት ፊት ፈልጋ ያጣች መሰለኝ። ዶክተር ሀምዛ ጓንቱን አድርጎ፣ እጁን ወደ ላይ እንደያዘ ከውስጥ ወጣ፤ ነገሩን ነገሩት። ግድግዳው ላይ ተደግፎ ለአፍታ ዓይኑን ጨፈነ። «በእኛ ጾም ቢሆን ፀሐይ እስክትጠልቅ ነበር» አለ። የሣቀለት የለም፤ እሱም ለሣቅ አላለውም። ከዚያ ጓንቱን እያወለቀ «ማን ነው ያበላት?» አለ።

እማዬ ሳህኑን በጨርቅ አሥራ ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች። ተልባው በጨርቁ ዘልቆ ይታያል። አፏን ልትከፍት ስትል አክስቴ ቀደመቻት።

«ማንም አላበላኝም። በር ላይ ከምትሸጠው ገዝቼ ነው የበላሁት።»

በቦንጋ፣ በሆስፒታል በር ላይ ገንፎ የሚሸጥ ሰው ከተማዋ ከተቆረቆረች ጀምሮ የለም። አክስቴ በሁዳዴ መሐል፣ ጉሉኮስ ተሰክቶባት፣ ለጴንጤ ስትል ዋሸች። ዶክተሩ ሳህኑን አየ፣ እማዬን አየ፣ ደግሞ አልጠየቀም።

ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ቆመው ተመካከሩ። በቦታው ማደንዘዣ ይሞከር እንደሆን ዶክተሩ ጠየቀ፤ ጋሽ ኃይለሚካኤል ይህን የሚያህለውን በሊዶኬይን አልነካም አሉ፤ መሐል ላይ ትንፋሿ ቢዘጋ በሞላ ሆድ ቱቦ ማስገባት ሊኖርብኝ ነው አሉ። ሆዷ ባዶ እስኪሆን ይጠበቅ ቢባል ደግሞ እስከዚያ ይመሻል፣ ሲመሽ መብራት ይሄዳል፣ ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም። ነገ ማለዳ ቢባል የዶክተሩ መኪና ጎህ ሳይቀድ ትነሳለች፤ የሚያስተኛት ሰውም የግምገማ ቀጠሮ አለው። እያንዳንዱ ሲናገር ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። በደከመ ድምፅ ሁሉም እውነት ተናገረ፣ እውነቱ ሲደመር አክስቴ ጋወኑን አወለቀች። ዶክተሩ ለጅማ ሪፈር ጻፈላት፤ «ስትሄጂ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ምንም፣ ውሃም፣ ተልባም፣ ጾምም ይሁን ፍስክ፣ ምንም በአፍሽ እንዳይገባ» አላት። ሲስተር ማተቧን ከእጇ ፈታ መልሳ አንገቷ ላይ አሰረችላት። በዚያ ሁሉ ጊዜ አክስቴ አንዴም አላየችኝም። ጋሽ ኃይለሚካኤል ግን ካፖርታቸውን ሲለብሱ ወደ እኔ መጡ።

«ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«ስድስት ላይ አቆምኩ።»

«ለምን?»

«እሱን ለነገው ግምገማ ይዘውልኝ ይሂዱ።»

ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፣ ኃይል የሌለው እጅ ነው። ብስክሌታቸውን ፍለጋ ወጡ።

ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። እማዬ አክስቴን ክንዷን ይዛ ቁልቁለቱን ጀመሩት፤ እኔ ሳህኑንና ጥላውን ተሸክሜ ከኋላ። ከዚያ አክስቴ በካፊኖኖ፣ በአገራችን ቋንቋ፣ አንድ ነገር አለች፤ እማዬም በካፊኖኖ መለሰች። እናቴ ከእሷ ጋር በካፊኖኖ ስታወራ ሰምቼ አላውቅም፤ እኔ ከቃሉ ግማሹን ነው የምይዘው፣ ስሜን ግን በየትም ቋንቋ አውቀዋለሁ። በሰው ፊት ጾሜን አስነቀፈችብኝ ትላለች አንዷ። እናቷን በሐኪም ፊት አሳጣች ትላለች ሌላዋ። ምላሷ፣ ትላለች አክስቴ። ከማን እንደወጣባት አላውቅም፣ ትላለች እማዬ። ከእኛ ወገን አይደለም፣ ትላለች አክስቴ። በዚህ ተስማሙ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ሲያርፉ ገንፎው ጨው አንሶት እንደነበር አነሱ፤ እማዬ ለጾም ስለሆነ ነው ስትል፣ ጨው መቼ ጾም ያስገድፋል አለቻት አክስቴና ሁለቱም ሣቁ። አክስቴ ስትስቅ ትንፋሿ ተያዘ፤ እማዬ ጀርባዋን እያሸች ቆየች። ከዚያ ነገሩ ወደ አማርኛ ተመለሰ።

«ጅማ ማን አለሽ?» አለች እማዬ።

«ማን አለኝ።»

«የቤተ ክርስቲያናችን እህት አለች፣ ቤቷ ሰፊ ነው። እዚያ እናርፋለን።»

«ጴንጤ ቤት?»

«ጴንጤ ቤት ትራስ የለም ያለሽ ማን ነው?»

አክስቴ አሰበችበት። የሰው አጥር አየች፣ የሰው ጎመን አየች። «ድስቱን አንቺ ታሺዋለሽ» አለች በመጨረሻ።

ሳህኑን ወደ ሌላው እጄ አዛወርኩና ቀረብ አልኳቸው። «እኔም አብሬያችሁ እሄዳለሁ» አልኩ። «ምን መብላት እንደሌለባት የማውቀው እኔ ነኝ።»

አክስቴ ወደ እማዬ ዞረች። «ማን ተናገረ?»

እማዬ ዳገቱን አየች፣ ቁልቁለቱን አየች፣ በእኔ ላይ አልፋ መንገዱን አየች።

«ማንም» አለችና እንድትነሳ እጇን ሰጠቻት።